ጎርፍን የሚያመርተውና ጎርፍን የሚሸከመው

በከተማ ኑሮ ውስጥ የሚደርሰውን አደጋ ሁሉ ከተፈጥሮ የመጣ አድርጎ መቀበል የቆየ ልማድ ነው። ዝናብ ይወርዳል፤ ወንዝ ይሞላል፤ ቤት ይፈርሳል፤ ሰው ይሞታል፤ በማግሥቱም «የፈጣሪ ቁጣ ነው» ወይም «የዘንድሮው ክረምት ከበደ» ተብሎ ነገሩ ይታለፋል። ይህ አነጋገር ለተጎጂው ማጽናኛ ሊሆን ይችል ይሆናል፤ የችግሩን ሥር ግን ይሸፍናል። ዝናብ የተፈጥሮ ክሥተት መሆኑን የሚክድ የለም። ጎርፍ ግን፣ በተለይም የከተማ ጎርፍ፣ በአመዛኙ የሰው ሥራ ውጤት ነው። የሚመረትበት ቦታ አለው፤ የሚጓጓዝበት መንገድ አለው፤ የሚራገፍበትም ሠፈር አለው። እንግዲህ ልናነሣው የሚገባን ጥያቄ ይህ ነው፦ ጎርፍን የሚያመርተው ማን ነው? የሚሸከመውስ ማን ነው? ሁለቱ አንድ ካልሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው ቅራኔ በምን መንገድ ይፈታል?

ይህን ጥያቄ በተጨባጭ ለመመልከት አዲስ አበባ ራሷ በቂ ምሳሌ ናት። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ይህች ከተማ የተቀመጠችው ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚያዘቀዝቅ መሬት ላይ ነው። የእንጦጦ ጋራ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የአቃቂ ሜዳ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ውኃው 30 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ 900 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። ቀጨኔና ቁርጡሜ፣ ባንትይቀጡና ግንፍሌ፣ ቀበናም ጭምር፣ ሁሉም በትንሹና በትልቁ አቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ኩሬ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይዘልቃሉ። በዓመት ከሚወርደው ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ከሚደርሰው ዝናብ ውስጥ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ጥቂት ወራት ተጨናንቆ የሚጥል ነው። ተዳፋት መሬት፣ የተጨናነቀ ዝናብ፣ ብዙ ወንዞች፦ ተፈጥሮ የሰጠችን ይህን ነው። ይህ ብቻውን ግን አደጋ አይደለም።

አደጋው የሚጀምረው ከመሬቱ ገጽ መለወጥ ነው። ሣር፣ ቁጥቋጦና ጨፌ የለበሰ መሬት ከሚወርድበት ዝናብ አብዛኛውን ይጠጣል፤ የቀረውን ቀስ አድርጎ ወደ ወንዝ ይለቃል። ቆርቆሮ፣ ኮንክሪትና አስፋልት ግን ከ10 እጅ 8ቱን ወይም 9ኙን በደቂቃዎች ውስጥ ያፈሱታል። ስሌቱን ማንም በእጁ ሊሠራው ይችላል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ነው። በአንድ ብርቱ ዝናብ 50 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ጣራ 5,000 ሊትር ውኃ ይሰበስባል፤ በባለ 200 ሊትሩ በርሜል ሲለካ 25 በርሜል መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ በአሸንዳ ወርዶ፣ ሲሚንቶ በተለበጠው ግቢ ላይ ተንሸራቶ፣ በአጥሩ ሥር በተተወችው ቀዳዳ ወደ መንገድ ይወጣል። የቤቱ ባለቤት ግቢው ስለጸዳ ደስ ይለዋል። ጎረቤቱም እንዲሁ ያደርጋል። የሠፈሩ ውኃ ተደምሮ ወደ ሚቀጥለው ሠፈር ይወርዳል፤ የሚቀጥለውም የራሱን ጨምሮ ያስተላልፋል። በመጨረሻ ወንዙ ዳር የደረሰው ውኃ የማንም ያልሆነ፣ ግን የሁሉም የነበረ ውኃ ነው።

እዚያ ወንዙ ዳር ያለው ማን ነው? በከተማው ታሪክ የወንዝ ዳርቻ መሬት ለረጅም ዘመን ሌላ ቦታ ያጣ ሰው የሚጠጋበት ነበር። ባለብዙ ፎቁን ሕንፃና ሰፊውን የመኪና ማቆሚያ የሠራው ሰው ጎርፍ ያመርታል፤ በጭቃ ግድግዳ ቤት የምትኖረው የቀን ሠራተኛ ከነልጆቿ ትሸከመዋለች። የጎርፍ ወጪ የለም የሚባለው የሚከፍለው ሰው ሌላ ስለሆነ ነው። ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጣለው ከባድ ዝናብ 7 ሰዎች በጎርፍ ሞተዋል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በድሬዳዋ ላይ የደረሰው ደግሞ ከዚህ እጅግ የከፋ ነበር። ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ውኃ በደቻቱ ሞልቶ የተኛውን ሕዝብ በድንገት ሲያጥለቀልቅ ከ250 የማያንሱ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ዝናቡ የጣለው ላይ ነው፤ ሰው የሞተው ታች ነው። ከእነዚህ ሁለት አረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ርቀት ነው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ።

ወደ ታች መግፋት መፍትሔ አይደለም

የከተማ መሐንዲሶች ለብዙ ዘመን ሲመሩበት የኖሩት አስተሳሰብ አንድ ነበር፤ ይኸውም ውኃውን በፍጥነት ማስወገድ። ቱቦ ቅበር፤ ዲች ቆፍር፤ ወንዙን በግንብ አቅንተህ አስሩጠው። ይህ ዘዴ ላለበት ሠፈር ይጠቅማል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ውኃው በፍጥነት ከላይ ሲወርድ ታች ላይ በአንድ ጊዜ ተደራርቦ ይደርሳል። የላይኛው ሠፈር በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲገላገል የታችኛው በዚያው ሰዓት ውስጥ ይጥለቀለቃል። የአንዱ መፍትሔ የሌላው ችግር ይሆናል። የታችኛውም በበኩሉ ቱቦውን አስፍቶ ከእርሱ በታች ላለው ያስረክባል። ይህ ሰንሰለት ማለቂያ የለውም፤ ሁልጊዜም በመጨረሻው ጫፍ ላይ የሚገኘው ድምፁ የማይሰማው ወገን ነው።

በተጨማሪም የዲቹን ሁኔታ እናውቃለን። ለዝናብ የተሠራው ቦይ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሞላዋል፤ የግንባታ አሸዋና ገረጋንቲ ይደፍነዋል፤ አንዳንዱም ግለሰብ በጨለማ የሽንት ቤቱን ቱቦ ከዚያው ጋር ያገናኘዋል። እንዲህ ያለውን ቦይ በሁለት እጥፍ ማስፋት ለቆሻሻው በሁለት እጥፍ ቦታ መስጠት ነው። አብሮት የሚሄደው የመኪና ዘይትና እዳሪ ከወንዝ ይገባል፤ በወንዙም ቆስጣና ሰላጣ ይለማበታል፤ አትክልቱም ተመልሶ ከገበታችን ላይ ይቀርባል። አባ ሳሙኤልን ያጣበበውም ከላይ ታጥቦ የወረደው ደለልና ቆሻሻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ግን ሌላው ቅራኔ ነው። በክረምት ውኃን እንደ ጠላት ከግቢያችን የምናባርር እኛው፣ በበጋ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካን ይዘን የምንሰለፍ ነን። ለከተማዋ ውኃ ከሚሰጡት ዋነኛ ምንጮች አንዱ የአቃቂ የጉድጓድ መስክ ነው። ጉድጓድ የሚሞላው በመሬት ውስጥ ሰርጎ በሚገባ ውኃ ነው፤ መሬቱን በሲሚንቶ ከደፈንነው ከየት ሊሞላ ይችላል? በ100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ በዓመት የሚወርደው ዝናብ ከ100,000 ሊትር በላይ መሆኑን ለሚያስብ ሰው፣ ጎርፍና የውኃ እጥረት አንድ ችግር በሁለት ወቅት የሚታይበት መልክ ነው።

ስለዚህ መነሻው ሊሆን የሚገባው አስተሳሰብ የተለየ ነው፤ ይኸውም ዝናብን በወረደበት ቦታ መያዝ፣ ማሥረግ፣ መጠቀም፣ የተረፈውን ብቻ ቀስ አድርጎ ማስተላለፍ ነው። በዘመኑ የመሐንዲሶች ቋንቋ «አረንጓዴ መሠረተ ልማት» ይሉታል። ስሙ አዲስ ይምሰል እንጂ ነገሩ ለአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለም። በኮንሶ ተዳፋት ላይ በድንጋይ ካብ የተሠሩት እርከኖች ዝናቡን ደረጃ በደረጃ እየያዙ አፈሩን ያቆማሉ፤ «ሐርዳ» የተባሉት ኩሬዎችም ለበጋ ውኃ ያቆያሉ፤ ጥገናቸውም የማኅበረሰቡ የጋራ ግዴታ ነው። ይህ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በሰሜን ደጋም ገበሬው በማሳው ላይ ፈሰስ ሲያወጣ፣ ውኃው የጎረቤቱን እህል እንዳይወስድ በየት ያልፋል ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ይመክራል፤ ባይመክር ደግሞ ይካሰሳል። በተፋሰስ ልማት ሥራ የተሰማራ ማንኛውም የገጠር ነዋሪ አንድ ሕግ ያውቃል፦ ሥራው የሚጀመረው ከራስጌ ነው። ጋራው ሳይታከም ሸለቆው ላይ ክትር ቢሠራ በመጀመሪያው ክረምት ይወሰዳል። ወደ ከተማ ስንገባ ይህን ዕውቀት ከኬላው ላይ ጥለነው የገባን ይመስላል።

በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የወንዝ ዳርቻዎች ልማት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍን የታቀደ ነው። ወንዝን ከቆሻሻ ማዳንና ለሕዝብ መናፈሻ ማድረግ የሚደገፍ ተግባር ነው። ሆኖም ከወንዝ ዳር ሰው ቢነሣ ጎርፉ አብሮ አይነሣም። ከየጣራውና ከየግቢው የሚወርደው ውኃ መጠን እስካልቀነሰ ድረስ መናፈሻውም ራሱ፣ ከእርሱም በታች ያለው ገበሬ፣ በተራው ይሸከመዋል። የራስጌው ሥራና የግርጌው ሥራ ሊነጣጠሉ አይገባም።

የሌሎች ሠርቶ አደሮች ሠፈር ተሞክሮ

በስዊድን አገር በማልሞ ከተማ አውጉስተንቦርግ የሚባል የሠራተኞች ሠፈር አለ። ቤቶቹን የሠራው የከተማው የቤቶች ድርጅት ሲሆን፣ ጊዜውም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ነበር። ዘመናት ሲያልፉ ሠፈሩ እየደኸየ ሄደ። ሥራ አጥነት ተስፋፋ፤ የቻለ ተከራይ እየለቀቀ ወጣ። የዝናቡና የፍሳሹ ውኃ በአንድ ቱቦ ይወርድ ስለነበር፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ቱቦው ሞልቶ የምድር ቤቶቹን በቆሻሻ ውኃ ያጥለቀልቃቸው ነበር። አንደኛው አማራጭ ሠፈሩን ቆፍሮ ትልቅ ቱቦ መቅበር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1998 የተያዘው መንገድ ሌላ ነው። የጣራዎቹ ውኃ ከቱቦው ተነጥሎ በገሃድ በሚታዩ ጠባብ ቦዮች እንዲፈስ ተደረገ። በየግቢው መካከል ኩሬዎችና ረግረጎች ተቆፈሩ፤ ሣርና የአበባ ተክል የለበሱ ጣራዎች ተሠሩ። በጠቅላላው 6 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቦይና 10 ኩሬ ተዘጋጀ። የትምህርት ቤቱ ግቢ አንዱ ክፍል ዝቅ ተደርጎ በደረጃ መቀመጫ ተሠራ፤ በደረቅ ቀን ተማሪዎች ይቀመጡበታል፤ በዝናብ ቀን ውኃ ይቀመጥበታል። ይህ ሁሉ የተሠራው ሰው በሚኖርባቸው ቤቶች መካከል እንጂ በባዶ መሬት ላይ አለመሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

ነዋሪዎቹ መጀመሪያ ላይ ሥጋት ነበራቸው። ኩሬው ለሕፃናት አደጋ አይሆንም ወይ፣ የመጫወቻው ሜዳስ አይጠብም ወይ የሚሉ ጥያቄዎች ተነሡ። ጥያቄው ተገቢ ስለነበር በስብሰባ ተመከረበት፤ ንድፉም በምክሩ መሠረት ተስተካከለ። ከነዋሪዎቹ አንድ አምስተኛ የሚሆኑት በስብሰባና በንድፍ ሥራው ተካፍለዋል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 2014 በማልሞ ላይ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ሲወርድና ብዙ ሠፈሮች ሲጥለቀለቁ፣ በአውጉስተንቦርግ የደረሰው ጉዳት አሮጌው ጥምር ቱቦ ባላቸው አጎራባች ሠፈሮች ከደረሰው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሠፈሩን ይለቁ የነበሩትም ተከራዮች ቁጥር ቀንሷል።

«ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ እኛ ገና ቱቦ አልጨረስንም» የሚል መከራከሪያ እንሰማለን። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቅንጦት የሆነው በከተማው ሁሉ ሥር ግዙፍ ኮንክሪት ቱቦ መቅበር ነው። በአሜሪካ የፊላደልፊያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2011 የ25 ዓመት ዕቅድ አውጥታ ወደ መንገድ ዳር አትክልት፣ ወደ ዛፍ ጉድጓድና ውኃ ወደሚያሳልፍ ንጣፍ ያተኮረችው፣ ከመሬት በታች ትልልቅ ዋሻ መቆፈሩ ከአቅሟ በላይ ሆኖ ስላገኘችው ነው። ከዚህች ከተማ ተሞክሮ ይበልጥ ሊተኮርበት የሚገባው የክፍያው ሥርዓት ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ለዝናብ ውኃ አገልግሎት የሚከፍሉት በቆጣሪያቸው ባለፈው የመጠጥ ውኃ ልክ መሆኑ ቀርቶ፣ ውኃ በማያሳልፍ ነገር በሸፈኑት መሬት ስፋት እንዲሆን ተደረገ። ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ያነጠፈ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ ባይጠጣ እንኳ፣ ያመረተውን ጎርፍ ያህል ይከፍላል፤ ግቢውን ያለሰለሰና ውኃውን የያዘ ይቀነስለታል። ጎርፍን የሚያመርተው ጎርፍን እንዲሸከም የማድረጊያው አንዱ መንገድ ይህ ነው። በእኛም ከተሞች ሊመከርበት ጊዜው ደርሷል ብለን እናምናለን።

በሌላ በኩል ነገሩን ከልክ በላይ ማጋነንም ስሕተት ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 ቤይጂንግ በጎርፍ ተጥለቅልቃ ከ70 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ «ስፖንጅ ከተማ» የሚባለውን መርሐ ግብር ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 በድምሩ 30 ከተሞች ለሙከራ ተመረጡ። ለዚሁ ሥራ ብዙ ገንዘብ መድባ የነበረችው ዠንግዡ ግን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 20 ቀን 2021 በአንድ ሰዓት ውስጥ 201.9 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድባት በከተማዋ 380 ሰዎች ሞቱ ወይም ደብዛቸው ጠፋ። ሣርና ኩሬ ለተለመደው ክረምት ዝናብ የተሠሩ ናቸው፤ እንዲህ ላለው መዓት ግን ማስጠንቀቂያ፣ መሸሻ መንገድና የሚወስን አመራር ያስፈልጋል። ዲችና ቱቦም ይቀራል ማለት አይደለም። የምንለው ሸክማቸው ይቀነስ ነው።

ከማኅበራት የሚጠበቀው

አንዳንዶች «ዛፍ እየተከልን ነው፤ ይበቃል» ይላሉ። የዛፍ ተከላ ጥቅሙ የማያከራክር ቢሆንም፣ ውኃ የማይደርስበት ተክል ጎርፍን አይቀንስም። በብዙ ጎዳናዎቻችን ዳር የሚታየውን የአትክልት መደብ እንመልከት። ዙሪያው በጠርዝ ድንጋይ ታጥሮ ከመንገዱ ከፍ ብሏል። ዝናብ ሲጥል ውኃው በጠርዙ ሥር እየታከከ ያልፋል፤ እንዲያውም ከመደቡ አፈር ጠርጎ ወደ ዲች ይወስዳል። በበጋ ደግሞ ያንኑ መደብ በቦቴ ውኃ እያመጣን እናጠጣለን። መደቡ ከመንገዱ አንድ ስንዝር ዝቅ ቢልና ጠርዙ በየጥቂት ሜትሩ ቢከፈት፣ ያው መሬት፣ ያው አትክልት፣ ያው ወጪ፣ ጎርፍ መጠጫ በሆነ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ጎዳናዎች እንደገና በመሠራት ላይ በመሆናቸው ይህን ለማድረግ ምቹ ጊዜ ነው።

የኮብልስቶን ነገርም እንዲሁ ነው። ሺዎች ወጣቶች ድንጋይ ጠርበውና አንጥፈው የኖሩበት ይህ ሥራ፣ ድንጋዩ በአሸዋ ላይ ሲነጠፍና ክፍተቱም በአሸዋ ሲሞላ ከውኃው የተወሰነውን ያሳልፋል። «እንዲያምር» ተብሎ ክፍተቱ በሲሚንቶ ሲደፈን ግን ከአስፋልት አይለይም። እዚህ ላይ የሚወስነው ሚኒስትር ወይም መሐንዲስ አይደለም፤ ገንዘብ አዋጥቶ የውስጥ ለውስጥ መንገዱን የሚያሠራው የሠፈሩ ማኅበር ነው።

ማኅበራት ሥልጣን የላቸውም የሚለውም አባባል አይጸናም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው የጋራውን ንብረት እንዲያስተዳድሩ ይደነግጋል። ግቢው፣ ጣራው፣ አሸንዳው የጋራ ነው። ጣራውን በሙሉ የሚያፈሰውን ቱቦ ከኮንክሪቱ ላይ አንሥቶ ወደ ሣሩ ማዞር በአንድ ጠቅላላ ጉባኤ የሚወሰን፣ በአንድ ቅዳሜ የሚሠራ ሥራ ነው። ተራ መንደሮችም ቢሆኑ ዕድር አላቸው፤ የጥበቃና የጽዳት ኮሚቴ አላቸው። ለቅሶ ላይ ድንኳን የሚተክል ሕዝብ ጉድጓድ መቆፈር አይሳነውም።

ሥራው ምን እንደሆነ በግልጽ እንናገር። ለ100 ካሬ ሜትር ጣራ 10 ካሬ ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የሣር ጎድጓዳ 2,000 ሊትር ይይዛል፤ ይህም በጣራው ላይ የወረደውን የመጀመሪያ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሙሉ ማለት ነው። 100 ቤቶች ይህን ቢያደርጉ በአንድ ዝናብ ከወንዙ የሚቀረው ውኃ 200,000 ሊትር ይሆናል። ከሥሩ ጠጠር፣ በላዩ አሸዋና ብስባሽ የተቀላቀለበት አፈር፣ ከዚያ ድርቅንም ርጥበትንም የሚችል ሣር፣ ለምሳሌ ቬቲቨር፣ ይተከልበታል። አቅም ያለው በጎን በርሜል ወይም ሮቶ ያስቀምጣል፤ ለልብስና ለወለል እጥበት የሚሆን ውኃ በነፃ ያገኛል። ከመጠን በላይ ለሚመጣው ውኃ ደግሞ ወደ ዲቹ የሚወስድ ማስተንፈሻ መተው የግድ ነው።

ነገር ግን መሬት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሳይመረመር መቆፈርም ጥፋት ያስከትላል። በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው መረሬ አፈር ሲርስ ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ውኃም እምብዛም አያሠርግም። በዚያ ላይ ከቤት መሠረት አጠገብ ውኃ ማጠራቀም ግድግዳ ማሰንጠቅ ነው። እንዲህ ባለው ቦታ ውኃውን በኩሬና በሮቶ ማቆየት፣ ቀስ አድርጎም መልቀቅ ይሻላል። በላይኛው የከተማ ክፍል ደግሞ ገደላማ በሆነ ቦታ የሚሠርገው ውኃ መሬቱን እንዳያንሸራትት፣ ጎድጓዳው ከገደሉ አፋፍ መራቅ አለበት። በሌላውም ቦታ ቢሆን ከቤት መሠረት 3 ሜትር ያህል ይራቅ። ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከሴፕቲክ ታንክም እንዲሁ። የመጸዳጃና የማድ ቤት ፍሳሽ ከዝናብ ውኃ ጋር የተቀላቀለበት ሠፈር ካለ፣ አስቀድሞ መነጠል ያለበት እርሱ ነው።

አፈሩን ለመፈተን መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ስንዝር ያህል ጉድጓድ ቆፍሮ አንዴ በውኃ መሙላት፣ ሲሠርግም እንደገና ሞልቶ ሰዓት መያዝ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ከጠጣው ቦታው ይሆናል፤ በማግሥቱ ውኃው እንደቆመ ካደረ አይሆንም። የወባና የሌላ ትንኝ ጉዳይ የሚያሳስባቸው እናቶች ልክ ናቸው። ሆኖም ትንኝ ከዕንቁላል ተነሥቶ ለመብረር ሳምንት ያህል የቆመ ውኃ ይፈልጋል፤ በሁለት ቀን የሚደርቅ ጎድጓዳ አያረባውም። ክዳን የሌለው በርሜል ግን ያረባዋል፤ ስለዚህ ይከደን።

ከሁሉ የሚከብደው ክፍል መቆፈሩ ሳይሆን መንከባከቡ ነው። ከመንገድ የሚመጣው ደለል በአንድ ክረምት ውስጥ የጎድጓዳውን አፍ ይደፍነዋል፤ ፌስታል ይጠራቀምበታል፤ አንዱ ጎረቤት አሸዋ ይደፋበታል፤ ሌላው የማገዶ ማስቀመጫ ያደርገዋል። ስለሆነም ማኅበሩ ለእያንዳንዱ ጎድጓዳ ኃላፊ ቤተሰብ ሊመድብ፣ ከክረምት በፊት አንድ ጊዜ፣ በክረምቱም መካከል አንድ ጊዜ በጋራ ሊያስጠርግ ይገባዋል። የሚወጣው ደለል ከመንገድ ዘይት ጋር የተቀላቀለ ስለሚሆን ለጎመንና ለሰላጣ መደብ አይሆንም።

ማኅበሩ ሥራውን ከየት ይጀምር ለሚለው፣ ከሠፈሩ ራስጌ ነው እንላለን። ከሠፈሩ በላይ ያለውን ማኅበርም አብሮ መጥራት ይገባል፤ ከእርሱ የሚመጣውን ውኃ ብቻውን ሊይዝ የሚችል የለምና። ኮሚቴ አቋቁሞ አሸንዳዎችን ለመቁጠርና አፈሩን ለመፈተን ጥርና የካቲት፣ ለቁፋሮ መጋቢትና ሚያዝያ ይበቃሉ። ሣሩ በሰኔ ውኃ ከመጠረጉ በፊት ሥር እንዲሰድ፣ ተከላው ከበልግ ዝናብ ጋር ተያይዞ እስከ ግንቦት አጋማሽ ማለቅ አለበት።